ስለ ዕውር እባብና ስለ ችግኝ አፈር

በክረምት ምድሩ ውሃ ሲጠግብ፣ ወይም የበሰበሰ ግንድ ሲነሣ፣ ትል የሚመስል ነገር ግን ቆዳው የሚያብረቀርቅ ቀጭን ፍጡር ብቅ ብሎ ወዲያው ወደ አፈር ይሰወራል። ባላገር ይህን ሲያይ በዶማ ይመታዋል። እባብ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን መርዝ የለውም፤ አፉም እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ ሰውንም ከብትንም አይጎዳም።

ስሙ ዕውር እባብ ይባላል። ዓይኑ በቅርፊት ተሸፍኖ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር ብዙ አያገለግለውም። ምግቡን በማሽተት ይፈልጋል፤ ይኸውም የጉንዳንና የምስጥ ዕንቍላልና ዕጭ ነው። ስለዚህ ምስጥን ከአገር ያጠፋል ብሎ ማጋነን ባይገባም፣ ከገበሬው ጠላቶች ጋራ መቍጠር ስሕተት ነው። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣው ብላንፎርድ የተባለው የምድርና የአራዊት ተመራማሪ ስሙን የተወለት አንድ ዓይነት ዕውር እባብ በኢትዮጵያና በኤርትራ ይገኛል።

ይህ ከአፈር የማይወጣ ፍጡር በባሕር በተከበቡ ደሴቶች ላይ መገኘቱ ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ኖሯል። ከአፍሪቃ ቀንድ ፊት ለፊት ያለችው ሶቆጥራ በሌላ ስፍራ የማይገኝ የራሷ ዕውር እባብ አላት። የማዳጋስካሮቹ ደግሞ፣ በ2002 ዓ.ም. በወጣው የዘር ምርመራ መሠረት፣ ደሴቲቱ ከሕንድ ምድር ስትለይ ከ90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አብረው የቀሩ ናቸው። እነዚህ ወደ ደሴት አልሄዱም፤ ምድሪቱ ይዛቸው ሄደች።

ሌላው ግን በሰው እጅ የሚጓዝ ነው። ከደቡብ እስያ የተነሣ አንድ ትንሽ ዕውር እባብ በአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ ተሸሽጎ ወደ ብዙ ደሴቶችና ወደ አፍሪቃም ጭምር ገብቷል። የዚህ ዓይነቱ እባብ ሁሉ ሴት ነው፤ ያለ ወንድ ይራባል። እንግዲህ አንዲት ብቻ በአንድ ማሰሮ ከገባች አዲስ አገር ለመያዝ ትበቃለች።

በምዕራብ ህንድ ደሴቶች ባለችው በባርቤዶስ የሆነው ነገር ሊታሰብ ይገባዋል። በ1619 ዓ.ም. እንግሊዞች ከሰፈሩባት ወዲህ ደኗ ለሸንኮራ አገዳ ተመነጠረ። በዚያች ደሴት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚረዝም፣ በዓለም ካሉት እባቦች ሁሉ የሚያንስ ዓይነት አለ፤ በአንድ ጊዜ የሚጥለው አንድ ዕንቍላል ነው። በ2000 ዓ.ም. ለሊቃውንት ከታወቀ በኋላ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጠፍቶ ኖረ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በአንድ ድንጋይ ሥር ተገኘ፤ ነገር ግን በማሰሮ የገባው እንግዳ እባብ እጅግ ስለሚመስለው፣ የአገሩ መሆኑ የታወቀው በማጉያ መነጽር ተመርምሮ ነው። እንግዳው ብቻውን ይራባል፤ የአገሩ ተወላጅ ግን በቀረችው ጥቂት ደን ውስጥ ተጓዳኝ መፈለግ አለበት።

ደሴት ማለት በውሃ የተከበበ ምድር ብቻ አይደለም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ መንገዱን ይዞ ለሚሄድ ሰው፣ በእርሻ መካከል እንደ ጥቁር ነጥብ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ደን፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያለውም ዛፍ፣ ከአፈር ለማይወጣ ፍጡር ደሴት ነው። በዙሪያው የሚታረሰውን መሬት መሻገር ለእርሱ እንደ ባሕር ነው። በፋግታ ለኮማ ባላገሩ ደከረንስ የተባለውን የአውስትራልያ ግራር ተክሎ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ በዚያው ማሳ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያም ጤፍ ይዘራበታል። ሥራው ለብዙ ቤት ገንዘብ አምጥቷል፤ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ማሳው ቶሎ ቶሎ ስለሚቆረጥና ስለሚታረስ የበሰበሰ ግንድ አይቆይበትም፤ የአሮጌውን ደን ቦታ ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና ባለ መሬቶች ሁለት ነገር ቢያስፈጽሙ ይበቃል። በደኑ ዳር የወደቀ ግንድና የተከመረ ድንጋይ ለማገዶና ለካብ ተብሎ ሁሉም እንዳይነሣ ያስጠብቁ። ችግኝም ከሩቅ አገር ሲመጣ፣ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት የላስቲኩ ከረጢት ሥር ተገልብጦ ይታይ። ለከረጢቱ የሚሞላው አፈር አስቀድሞ በወንፊት ይነፋ፤ ከጎረቤት ወረዳ አፈር ጭኖ ከማምጣትም ከችግኝ ጣቢያው አጠገብ መቈፈር ይሻላል።