ባዶ ሜዳ፣ ሙሉ መስክ

በመንዝ ለገና ጨዋታ ማስታወቂያ የሚለጥፍ የለም። ታኅሣሥ 29 ቅዳሴው አልቆ ጾሙ ከተፈታ በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው መስኩ ላይ ይገናኛሉ። ሩሯ ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተጠቀለለች ናት፤ ዱላው ሲያርፍባት ተፈናጥራ ትሄዳለች፣ ቁርጭምጭሚት ካገኘችም አትምርም። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዳገቱ ላይ ሆነው ያያሉ፣ ልጆች በየመሀሉ እየገቡ ይባረራሉ። ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጠዋል። የዚያን ዕለት ጌታም ቢነካ አይቆጣም።

ከመንዟ መሃል ሜዳ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን በከፍተኛ ሊግ የተጫወተ የእግር ኳስ ክለብ አላት። ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ ያለ ውድድር ነው። ኳስ የሚወድ የመንዝ ወጣት የአርሰናልን አሰላለፍ ከነተቀያሪው ይዘረዝርላችኋል። የደብረ ብርሃንን በረኛ ስም ጠይቁት እስቲ።

የአገር ውስጥ ኳስ ሜዳ ባዶ ለመሆኑ የተለመደው ማብራሪያ ዲኤስቲቪ ነው። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ኳስ በየዲሽ ቤቱ እያለ ማን ፀሐይና አቧራ ይመርጣል ይባላል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድግ ጎንደር ውስጥ ዲሽ ሞልቶ ነበር፤ ሜዳውም ሞልቶ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ የአዲስ አበባ ስታዲየም ይጨናነቅ የነበረው ከተማው ቴሌቪዥን አጥቶ አይደለም።

እኔ ጣቴን የምቀስረው ወደ ባለቤትነቱ ነው። አብዛኛው የከተማ ክለብ የሚኖረው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። የበር ገቢው ከደመወዙ ጋር ሲተያይ ኢምንት ስለሆነ የክለቡ ሰዎች ዓይን የሚያየው ወደ ከንቲባው ቢሮ እንጂ ወደ ትኬት መቁረጫው አይደለም። ተጫዋቹ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ይፈርማል፣ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። ደጋፊው ስሙን ለምዶ ሳይጨርስ ማሊያውን ሌላ ሰው ይለብሰዋል። ጀርመኖች በዚህ ጉዳይ ሕግ አላቸው፤ ጥቂት ክለቦች ሲቀሩ፣ ከክለቡ ድምፅ ከግማሽ በላዩ በአባላቱ እጅ መሆን አለበት። እኛ ዘንድ ዕድር የሚያህል ነገር በየወሩ በመዋጮ የሚያቆም ሕዝብ ከገዛ ከተማው ክለብ አንድ ድምፅ የለውም።

በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ክለብ ራሱ ከገዛ ከተማው ወጣ። ሱፐር ስፖርት የፕሪሚየር ሊጉን የስርጭት መብት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ኮሮናም ስለነበረ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ እንዲደረጉ ተወሰነ፤ ክለቦቹ ሁሉ ለሳምንታት አንድ ከተማ ውስጥ መከተም ጀመሩ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ከፍተኛ ሊጉም ቡድኖችን በየምድቡ አንድ ከተማ እየሰበሰበ ማጫወት ለመደ። ለጸጥታ ኃላፊዎች ይህ እፎይታ ነው፤ በኅዳር 2010 ወልዲያ ላይ ከመቀሌ ቡድን ጋር የነበረው ጨዋታ በሁከት ሲቀር የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ቡድኑን የማያገኝ ደጋፊ በምን ይደግፍ?

ደብረ ብርሃን ሄዶ ለማየትም የዞኑ አቀማመጥ ያስቸግራል። የመርሐቤቴ ሰው ከዓለም ከተማ የሚወጣበት ዋና መንገድ ገደሉን ወርዶ ወጥቶ በሙከጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ነው፤ ደብረ ብርሃን በመንገዱ ላይ የለችም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ደግሞ ለለቅሶ መሄድን እንኳ ከባድ አድርጎታል፣ ለኳስማ ተዉት።

ራሱ የገና ጨዋታ የገጠመው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር ብሔራዊ ውድድር አድርጎታል። ሜዳው ተለክቷል፣ ዳኛ አለ፣ ክልሎች ማሊያ ለብሰው ይገጥማሉ። ዳር ቆሞ የሚያየው ግን ብዙውን ጊዜ ተራውን የሚጠብቅ ተወዳዳሪና የልዑካን ቡድን መሪ ነው። ዱላው ያው ዱላ፣ ሩሯም ያቺው ሩር ናት። ነገ ገበያ ላይ ተገናኝተው የሚሸነቋቆጡ የላይና የታች ሰፈር ሰዎች ግን እዚያ የሉም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን የደብረ ብርሃን ክለብ በክረምት ዝግጅቱ ሞላሌ፣ መሃል ሜዳና ዓለም ከተማ ላይ የወዳጅነት ጨዋታ ቢያደርግ፣ ከየወረዳውም ሁለት ሦስት ልጅ ቢሞክር፣ ወጪው የአውቶቡስ ነዳጅና አበል ነው። ይህን የሚያጸድቀው ግን ያው የበጀት ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ ስንት ሰው ገባ ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።