ለሪሚክስ የሚሆን የድሮ ዘፈን እንዴት ይመረጣል?

የቆየ ዜማ በኤሌክትሮኒክ ምት ለጭፈራ ማቀናበር የሚያምረው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው አብልጦ የሚወደውን ዘፈን ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ይጀምራል። ሁሉም የሚወደው የድሮ የባንድ ዘፈን ብዙ ጊዜ ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ ድምፃዊው ሲያርፍ ሳክስፎኑ ይቀበላል፣ ሳክስፎኑ ሲያርፍ ጊታሩ። ዲጄው የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። የሚቀረው ከሥር ከበሮ መደለቅ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ያደርገዋል። ለሪሚክስ የሚመቸው አጭር ዜማ፣ ጥቂት መሣሪያና በመካከሉ ትንፋሽ ያለው ሥራ ነው።

እንዲህ ላለው ሥራ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ሰው ሰሜን ሸዋ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ስሙ ከገነነ በኋላ አሜሪካ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ፣ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና ከበሮ ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። የመረጠው እንደ «ሸሞንሟናዬ»፣ «አምባሰል»ና «ሽለላ» ያሉ፣ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ነው። ዜማውን አድማጩ በልቡ ስለያዘው ግጥም አላስፈለገውም፤ አኮርዲዮኑ ይዘፍናል፣ ማሽኑ ይመታል፣ የተረፈው ቦታ ክፍት ነው። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም፣ በተሠራበት ጊዜ ገና ያልተወለዱ ፈረንጆች ጭምር ወደዱት። ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው የሠሩት፣ ሮፍናንም በ2010 ዓ.ም. በ«ነጸብራቅ» አልበሙ ለብዙ ሕዝብ ያደረሰው ሙዚቃ ከዚህ የራቀ አይደለም።

እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ እንሂድ። ሰርግ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጭብጨባውና ከበሮው ከሥር ይሄዳል። አውጪው ግጥሙን ይለዋውጣል፣ ተቀባዩ ያንኑ አዝማች ይመልሳል። የጭፈራ ቤት ሙዚቃም የሚቆመው በድግግሞሽ ነውና አዝማቹን ቆርጦ በሉፕ ማዞር ለዘፈኑ ባዕድ አይሆንበትም። የሰርግ ከበሮ ግን እየፈጠነ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀረጻው መጀመሪያ ሳይሆን ጨዋታው ሞቅ ብሎ ፍጥነቱ ከረጋበት ቦታ መቁረጥ ይሻላል።

ትልቁ ጣጣ ምቱ ነው። ችክችካ ሙዚቀኞች ስድስት ስምንተኛ የሚሉት ነው፤ እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት ይከፈላል። ሃውስ የሚባለው የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ደግሞ በደቂቃ 120 ምትና ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ፍጥነት እኩል እየረገጠ ይሄዳል፣ ምቱም ለሁለትና ለአራት ይከፈላል። የሙዚቃ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የሚያሳዩት ለአራት የተከፈለውን መስመር ነው። ጀማሪው ከበሮውን ጎትቶ እዚያ ላይ ሲያስተካክለው ትከሻ የሚያስነሳው ነገር ይጠፋል፤ እስክስታው የሰልፍ እርምጃ ይሆናል። መፍትሔው ከባዱን ከበሮ ዋና ዋናው ምት ላይ አስቀምጦ ውስጡን ለሦስት እንደተከፈለ መተው ነው። ፕሮግራሙ ላይ ትሪፕሌት የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ይህን የማይቀበል ዲጄ ሌላ ዘፈን ቢፈልግ ይሻለዋል።

ቀረርቶና ሽለላ ቋሚ ምት የላቸውም፤ ባለቤቱ ትንፋሹ እስከፈቀደለት ይጎትታቸዋል። ያም ሆኖ የሚጣሉ አይደሉም። ከመንዝ ቁልቁል ባለው ይፋት እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን አመጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሲያወጣ ጊታሩና ከበሮው ምቱን ይዘው ይሄዳሉ፣ ሳክስፎኑ በላያቸው እንደፈለገ ይፎክራል። ለዲጄም መንገዱ ይኸው ነው፤ ከበሮው ይሂድ፣ ሽለላው በራሱ ጊዜ ይግባ። በባሕር ማዶም ሳሙኤል ባርበር እ.ኤ.አ. በ1936 የጻፈው ቀርፋፋና ሐዘንተኛ «አዳጆ» በእነ ፌሪ ኮርስተንና ቲየስቶ እጅ የክለብ ሙዚቃ ሆኗል። ዜማው ቀስ እያለ ሽቅብ ወጥቶ ጫፍ ስለሚደርስ ከበሮውን አስቁሞ መልሶ ለመልቀቅ ይመቻል።

ቅኝቱን ሳይለዩ ኮርድ መደርደርም ብዙ ሥራ አበላሽቷል። ሜጀር ትዝታ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ቻይ ነው፤ የፈረንጅ ኮርድ ቢጫንበት አይከፋውም። አንቺሆዬ ግን ከዶ ተነስቶ በግማሽ ድምፅ ሬ ቤሞል ላይ ያርፋል፣ ፋና ሶል ቤሞልም ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ የተለመደው ኮርድ ሲመጣበት ይላተማል። እዚህ ላይ ቤዙን በአንድ ድምፅ አቁሞ ዜማውን ብቻውን መተው ያዋጣል። ማሲንቆም በአንዲት አውታሩ ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ማሲንቆውን በፕሮግራም «ከማረም» ይልቅ ሲንተሳይዘሩን ወደ ማሲንቆው ማስጠጋት ይገባል ባይ ነኝ። በገናን በተመለከተ፣ አሥሩ አውታር የሚሰጠው ጎርናና ድምፅ ለቤዝ የተፈጠረ ቢመስልም በዐቢይ ጾም የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ ለጭፈራ ቤት አልመርጠውም።

የቀረው ሕጉ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድን ሥራ ለውጦ የማቀናበር መብት የባለቤቱ ነው፤ ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የሰርግ ዜማው የማንም ባይሆን እንኳ ካሴቱ ላይ የዘፈነው ሰውና ያሳተመው ድርጅት የራሳቸው መብት ስላላቸው ከካሴት ቆርጦ መውሰድ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ዜማው የሕዝብ ከሆነ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ወርዶ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹን፣ አውጪዋንና ከበሮ መቺውን ለየብቻ መቅረጽ ይቀላል፤ ለሪሚክስ የሚያስፈልገው የተለያየ ንጹህ ድምፅም በዚያው ይገኛል። ክፍያው ስንት እንደሆነና የተጫዋቾቹ ስም የት እንደሚጻፍ ግን ማይክራፎኑ ከመከፈቱ በፊት በወረቀት ይስፈር።