ከካልሲ የተሠራች መምህርት

በዚህ እትም ስለ ትንንሾቹ፣ ማለትም ስለ ኦ ክፍል ልጆች ልጽፍላችሁ ነው።

“ፀሐይ መማር ትወዳለች” የሚለውን የልጆች ፕሮግራም በቴሌቪዥን ያያችሁ ፀሐይን ታውቋታላችሁ። የ6 ዓመት ቀጭኔ ናት፤ መጠየቅ አይሰለቻትም። ያላያችሁም አትዘኑ። እኔም ያየኋት ነፋስ መውጫ አጎቴ ቤት ስሄድ ነው። ፕሮግራሙን የጀመረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በ2010 ደግሞ በዚሁ ሥራዋ የሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች። እኔን የገረመኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ናት፤ ድምጿም የብሩክታዊት የራሷ ነው። ካልሲ ደግሞ እኛም አለን! የጉና ብርድ ይመስገንና።

ይህን ለምን አነሳሁ? ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ልጅ ኦ ክፍል ገብታ 3 ሳምንት ሳይሞላት ቀረች። “ምነው ቀረሽ?” ስላት “እዚያኮ ዝም በሉ ብቻ ነው” አለችኝ። አሁን ጥጃ ትጠብቃለች። 1ኛ ክፍል ስትገባ ጓደኞቿ ፊደል ለይተው እሷ ገና እርሳስ አያያዝ ልትጀምር ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ልጅ የሚቀረው ትምህርት ጠልቶ ሳይሆን ዝም ብሎ መቀመጥ ሰልችቶት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካልሲውን እጃችሁ ላይ አጥልቁ። አራቱ ጣቶች ላይኛው መንጋጋ፣ አውራ ጣት ታችኛው መንጋጋ ይሆናሉ። ለዓይን ሁለት ቁልፍ ስፉ። የቀጭኔዋ ረጅም አንገት ክንዳችሁ ራሱ ነው። ግን ቀጭኔ እዚህ ማን አይቶ ያውቃል? እኛ ክበብ ውስጥ የሠራነው ጭላዳ ነው። ደረቱ ላይ ቀይ ክር ሰፋንበት፤ ልጆቹ ገና ሲያዩት ለዩት።

ዋናው ነገር አሻንጉሊቱ አዋቂ መሆን የለበትም። ይሳሳት። “ዶሮ አራት እግር አላት አይደል?” ይበል። ከዚያ ዝም በሉና በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። ይሄ ዝምታ በጣም ይጠቅማል፤ እኛ ትልልቆቹ ጠይቀን መልሱንም እኛው እንናገራለን እኮ! ልጆቹ “ኧረ ሁለት ነው!” ብለው ሲጮኹ ጭላዳው ይደነቅ፣ “ማን ነገራችሁ?” ይበል። ሰው ፊት የማይናገር ዓይናፋር ልጅ እንኳ ለካልሲ ይመልሳል። እኔ ራሴ አይቻለሁ።

ለቁጥር 5 ቆርኪ ስጧቸው። ጭላዳው ሁለቱን “ሰርቆ” ይደብቅ፣ ስንት እንደቀረ እነሱ ይንገሩት። ባቄላና ሽምብራ ቀላቅሎ ማስለየትም ጥሩ ነው፤ ጣታቸው እርሳስ ለመያዝ ይለማመዳል። ብቻ አደራ፣ አፍንጫቸው ውስጥ እንዳይከቱት አጠገባቸው ሁኑ፤ ከጨዋታው በኋላም ቆጥራችሁ ሰብስቡ።

ለፊደል ደግሞ እኔ በጣም የምወደው የስንጥር ጨዋታ ነው። ሁለት ስንጥር ጫፍ ለጫፍ አስደግፋችሁ መሬት ላይ ስታስቀምጡ “ለ” ይሆናል። በቀኝ እግሩ መሐል ትንሽ ስንጥር ጨምሩ፣ “ሉ” ሆነ። ያችኑ ስንጥር ወደ ታች አውርዳችሁ እግሩ ጫፍ ላይ አድርጓት፣ “ሊ”። አንስታችሁ በቦታዋ ቆርኪ አስቀምጡ፣ “ሌ”። ልጁ በራሱ እጅ ፊደል ይቀይራል ማለት ነው! “በ”ንም በሦስት ስንጥር ሠርታችሁ ብትሞክሩት ያው ነው፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ። ልጁ ደንቡን ካገኘው ሰባቱንም በቃል ከመለብለብ ይድናል። “ረ” እና “ፈ” ግን ይህን ደንብ ስለማይከተሉ መጨረሻ ላይ ይቆዩ። ስማዳ ቆላው በኩል ያላችሁ ደግሞ የማሽላ አገዳ ስላላችሁ ከስንጥር የተሻለ ይሆንላችኋል።

አንዳንድ ሰው “ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው፣ ደግሞ ይሄ የመምህር ሥራ ነው” ይላል። ታዲያ “ከልጅ ለልጅ” የሚባለው ዘዴ ምንድን ነው? የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች 1ኛ ክፍል ያልገቡትን እያጫወቱ እንዲያስተምሩ የታሰበ ነው። በሀገራችን የቅድመ መደበኛ ትምህርት ውስጥም የታወቀ መንገድ ነው። መምህሯ አንድ ናት፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው። በእረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ ብንሰጣቸው ለእኛ ምንም አይጎድልብንም።

ክበባችን አሁን ያለው አንድ ጭላዳ ብቻ ነው፤ ቢያንስ አራት አሻንጉሊት ያስፈልገናል። አንዱ እግሩ የጠፋ ካልሲ ያላችሁ እስከ ዓርብ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ። እባካችሁ ግን አጥባችሁ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል