ያረጀ ወረቀት ከመፍረሱ በፊት ይነበብ

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤታችሁን ተመልከቱ። ልጆች ጽፈው የጨረሱት ደብተር ጥግ ላይ ተከምሯል። ግማሹ እሳት ይለኮስበታል። ግማሹ ገበያ ወርዶ ጨውና በርበሬ ይጠቀለልበታል። የተረፈውን አይጥና ምስጥ ይበሉታል። ይህ ሁሉ ግን ተመልሶ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ወረቀት ምንድን ነው? በአብዛኛው የእንጨት ቃጫ ነው። እንጨቱ ይደቅና በውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በስሱ ተነጥፎ ይደርቃል። ሲደርቅ ቃጫው እርስ በርሱ ይያያዛል። ስለዚህ ያረጀውን ወረቀት ውኃ ውስጥ ብንዘፈዝፈው ቃጫው ይላቀቃል፤ እንደገና ብንነጥፈው እንደገና ወረቀት ይሆናል። ማለቂያ የለውም ማለት ግን አይደለም። ገመድ በተፈታና በተገመደ ቁጥር ቃጫው እንደሚያጥር ሁሉ፣ ወረቀትም ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ ይደክማል። ቁጠባው ራሱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የጥንት ጸሐፊዎች ያረጀ ብራና አይጥሉም ነበር፤ ለአዲሱ መጽሐፍ መጠበቂያ ቅጠል ያደርጉት ነበር።

በአዲስ አበባ «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞር ሰው አለ። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው አጥሮ ነው። ያረጀ ዕቃ ይገዛና ለሚፈልገው ይሸጣል። ከመካነ ሰላም ግን ወረቀት ጭኖ በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ ማድረስ ኪራይ ያስወጣል። ስለሆነም በየቀበሌው አራት አምስት በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው በእጅ ቢሠሩት ይሻላል።

የበጎ ፈቃደኛው የመጀመሪያ ሥራ መውቀጥ አይደለም፤ ማንበብ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንድ ወጣት ጆንያውን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቆማል። «እማማ፣ ይኼን ልውሰደው?» «ውሰደው ልጄ፣ ያረጀ ነው።» ያረጀውስ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቢሆን? በአማራ ክልል ይህ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አብሮ የሚለጠፍበት ነው። ባል ቢሞት ወይም ጋብቻ ቢፈርስ፣ ሚስት «መሬቱ የእኔም ነው» የምትልበት አንዱ ማስረጃዋ እሱ ነው። አንዴ ከተዘፈዘፈ አይመለስም። የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የብድር ውል፣ የልጅ ክትባት ካርድ፣ እነዚህም ቢቀደዱና ቢቆሽሹ አይጣሉም። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ ለባለቤቱ ጮክ ብሎ አንብቦ መመለስ ነው። ፊደል የቆጠረ ባለቤት ደግሞ ራሱ ያንብበው፤ ወጣቱን አይጠብቅ። የሃይማኖት መጽሐፍ ቅዳጅ ከተገኘም የሼኩን ለሼኩ፣ የቄሱን ለቄሱ መስጠት ይገባል።

ቀጥሎ መለየት ነው። ላስቲክ የተቀባና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ውኃ ውስጥ አይላቀቅም። ዘይት የነካውም አይሆንም። የስፌት ሽቦው ይነቀል።

ደብተር የሚበዛው ሰኔ ነው፤ ፀሐይ ያለው ግን በጋ ነው። ክረምቱን ወረቀቱ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ፤ አለዚያ ይሻግታል። ከውቂያ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ እጅም ፋታ ያገኛል። ያን ጊዜ ወረቀቱ ተቆራርጦ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል። ከዚያ እንደ ገንፎ እስኪልም ይወቀጣል። (እባካችሁ፣ በርበሬ በሚወቀጥበት ሙቀጫ አይሁን፤ ቀለም አለበት።) የላመው በሰፊ ገበቴ ውኃ ይበጠበጣል። አራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ ላይ የወንፊት ሽቦ ወጥሮ ወደ ውኃው ማግባትና ቀጥ አድርጎ ማውጣት ነው። ውኃው ይንጠፈጠፋል፤ ቃጫው ሽቦው ላይ ይቀራል። በጨርቅ ላይ ይገለበጥና ድንጋይ ተጭኖበት ይጠፈጥፋል፤ ከዚያ ይደርቃል። የመጀመሪያዎቹ ይበጣጠሳሉ፤ ይኼ አያስቸግር፣ ተመልሰው ይዘፈዘፋሉ።

ለወረቀት የማይሆነው ዝቃጭ ከገለባ ጋር ተለውሶ በእጅ ይድቦለቦልና ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ለማሳ ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ኩበት በዚያው ልክ ይተርፋል።

የሚገኘው ወረቀት ወፍራምና ግራጫ ነው። እስክሪብቶ ቀለሙ ይፈስበታል። በእርሳስ ወይም በከሰል ግን ደህና ይጻፍበታል፤ ለፊደል ገበታና ለደብተር ልባስ ይበቃል።