ጡጦው በእጃችን ነው፦ ለሕፃን የዱቄት ወተት አዘገጃጀት

ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ አራስ ልጅ ባለበት ቤት የምትሠሩ እህቶች ደጋግማችሁ የምታነሡልን ጥያቄ አለ። አንዷ «ማዳም የሌሊቱን ጡጦ በሙሉ ማታውኑ በጥብጠሽ አስቀምጪ ትላለች፤ ልክ ነው ወይ?» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ዱቄቱ የሚጨመረው ውሃው ትኩስ እያለ ነው ወይስ ከቀዘቀዘ በኋላ?» ብላ ትጠይቃለች። ከአገር ስትወጡ ስለ ምግብ ማብሰልና ስለ ቤት ጽዳት የነገራችሁ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ስለ ጡጦ ግን ብዙዎቻችሁን ያስተማረ የለም። ሕፃኑ የታመመ ቀን ግን መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ወተቱን ማን አዘጋጀው?» የሚል ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ልናየው ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን እንናገር። የዱቄት ወተት ጣሳው እንደታሸገ ስለሚገዛ ከጀርም የጸዳ ይመስለናል። አይደለም። ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አልፎ አልፎ በዱቄቱ ውስጥ ይገኛሉ። ደረቅ ዱቄት ውስጥ አይራቡም፤ ነገር ግን አይሞቱም፣ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ለብ ያለ ውሃ ሲያገኙ ይራባሉ። በክሮኖባክተር መታመም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ ሲያጋጥም ግን በአራስ ልጅ ላይ ደም መመረዝና ማጅራት ገትር ያስከትላል፣ ይገድላልም። ይበልጥ የሚያሰጋቸው ሁለት ወር ያልሞላቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ናቸው። ለእነዚህ ሐኪም በፈሳሽ መልክ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውንና ከጀርም የጸዳውን ወተት የሚያዝበት ጊዜ አለ።

የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መመሪያ፣ ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆን የለበትም። እንግዲህ ውሃው የሚፈላው ለራሱ ብቻ ተብሎ አይደለም፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለውንም ጀርም የሚገድለው ያው ትኩስ ውሃ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይህን ሥራ አይሠራም።

ቴርሞሜትር ከሌለ 70 ዲግሪን በምን እናውቃለን? አንድ ሊትር ያህል ውሃ እስኪንተከተክ አፍልታችሁ አውርዱና ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ተጠቀሙበት። አንድ ስኒ ብቻ ካፈላችሁ ግን ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ይህ ስሌት አይሠራም። ከጣሪያ ታንከር የሚወርደውም ሆነ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛው ውሃ መፍላት አለበት፤ የጠርሙስ ውሃ ስለታሸገ ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ትኩስ ውሃ ስትቀዱ ሕፃኑን በእጃችሁ አትያዙ፤ መጀመሪያ አልጋው ላይ አስተኙት።

እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጡጦው፣ ጫፉና ክዳኑ በሳሙናና በብሩሽ ከታጠቡ በኋላ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሰምጠው ይቀቀላሉ፤ የእንፋሎት ማሽን ካለ በዚያ። የደረቀ ወተት ጫፉ ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ መቀቀሉ ብዙም አይጠቅምም። ከዚያ መጀመሪያ ውሃው በልኩ ይገባል፣ ዱቄቱ ይከተላል። ማንኪያው በቢላዋ ጀርባ ይስተካከላል እንጂ አይከመርም፣ ተጠቅጥቆም አይሞላም።

እዚህ ላይ የምናስጠነቅቀው ነገር አለ። በአንዳንዱ ጣሳ አንድ ማንኪያ ዱቄት ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው፤ በሌላው ለ60 ነው። ማንኪያዎቹም መጠናቸው አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሊባኖስ ውስጥ የሕፃን ወተት ከየመድኃኒት ቤቱ በጠፋበት ጊዜ፣ ቤተሰቡ የለመደውን ትቶ ያገኘውን ለመግዛት ይገደድ ነበር። ጣሳው ሲቀየር የአሮጌውን ማንኪያ ጣሉ፣ የአዲሱን ጽሑፍም አስነብቡ። ዱቄት ሲበዛ የሕፃኑ ሰውነት ይደርቃል፣ ኩላሊቱም ይጨነቃል። ውሃ ሲበዛ ደግሞ ልጁ ይራባል፤ አልፎም በደሙ ያለው ጨው ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

ወተቱ ከተዘጋጀ በኋላ ጡጦውን ከክዳኑ በታች በቀዝቃዛ ውሃ አብርዱና ጥቂት ጠብታ የእጃችሁ አንጓ ላይ ሞክሩት። ለብ ያለ መሆን አለበት። ማይክሮዌቭ አይገባም፤ ከውጭ ቀዝቃዛ መስሎ ከውስጥ የሕፃኑን አፍ ያቃጥላል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ወተት ይደፋል። «ወተት ውድ ነው፣ ለምን ትደፊያለሽ?» የምትል ማዳም እንዳለች እናውቃለን። ለዚህ የሚበጀው ትንሽ ትንሽ ማዘጋጀት ነው።

ወደ ሌሊቱ ጡጦ እንመለስ። ከሁሉ የሚሻለው በየጊዜው አዲስ መበጥበጥ ነው። የግድ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ከሆነ ወዲያው ቀዝቅዞ ከ5 ዲግሪ በማይበልጥ ፍሪጅ፣ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሲሞቅም ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። መብራት በሚጠፋበትና ጄኔሬተር በሰዓት በሚቆጠርበት ቤት ግን ፍሪጁን ማመን ይከብዳል። እኛ የምንመርጠው ሌላ ዘዴ ነው። የፈላ ውሃ በንጹሕ ፔርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ በደንብ ክደኑ፤ እንዲህ ሲሆን ለጥቂት ሰዓታት ከ70 ዲግሪ በላይ ይቆያል። ዱቄቱን ለየብቻ ለክታችሁ በደረቅ ንጹሕ ዕቃ አስቀምጡ። ሕፃኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነሣ ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ማፍላት አይኖርም፣ ወተቱም አዲስ ይሆናል።

አንድ እውነት አለ፤ ጣሳው ላይ «ውሃው ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ» ተብሎ የተጻፈበት ወተት ብዙ ነው። እንዲህ የሚሉ ሐኪሞችም አሉ። ለሕመም የታዘዙ ልዩ ወተቶች ደግሞ የራሳቸው አሠራር አላቸው። ስለዚህ ብቻችሁን ወስናችሁ የቤቱን ልማድ አትለውጡ፤ ማዳምም ተደብቃችሁ ያደረጋችሁት ቢመስላት መልካም አይደለም። «ሐኪሙን ስለ ውሃው ሙቀት ጠይቂልኝ» በሏት። ቃሉ አያስቸግራችሁም፤ ሐኪም በሊባኖስ ዐረብኛም ሐኪም ነው። ወተትም ሐሊብ ነው፣ የእኛው ግዕዝ እንደሚለው። ትኩስ ውሃ «ማይ ሱኽኔ» ነው።

አያትየው ሆዱን ነፋው ብለው ያንሱን በጡጦ ስጪው ሲሉ የተጨነቃችሁም አላችሁ። በእኛም አገር ለአራስ ልጅ ቅቤ የማስቀመስ ልማድ ስላለ አሮጊቷን አንፍረድባቸው። ነገር ግን ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ ከወተት በቀር ሌላ አያስፈልገውም፤ ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው ክልክል ነው። በጨዋ ቃል «ማዳም ትዘዘኝ» ማለት ይቻላል።

ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። ስንት ሰዓት ላይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደጠጣ፣ አስመልሶት እንደሆነ ጻፉ። ለሐኪም ይጠቅማል፤ ነገር ሲመጣም ለእናንተ ይመሰክራል። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አልጠባም ካለ፣ ከዛለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ወይም ካበጠ ሌሊትም ቢሆን ማዳምን ቀስቅሱ። ወላጆቹ ቤት ከሌሉ በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው።

በመጨረሻ እዚሁ ለወለዳችሁ እህቶች። የምትችሉ ጡት አጥቡ፤ እስከ ስድስት ወር ብቻውን ይበቃል። ሥራው አላስጠባ ብሏችሁ ጣሳ የምትገዙም፣ ወተቱ እንዲበረክት ውሃ አትጨምሩ። ለሻይ የምንገዛው ተራ የዱቄት ወተትም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሆንም። መግዣ ያጠረባችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንዳችን በጆሯችን ንገሩን። ልጇን አገር ቤት ትታ ለጣሳ ወተት ገንዘብ የምትልክ እህትም፣ ስትደውል አያቲቱን «በስንት ውሃ ስንት ማንኪያ ነው የምታደርጊው?» ብላ ትጠይቅ።