የእንቁጣጣሽ አበባ በወረቀት ላይ

መስከረም ሲጠባ ከወገራ እስከ ዳባት፣ ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ይለብሳል። አደይ አበባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይፈነዳል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይረግፋል። መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች አበባና እንግጫ ይዘው እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ። ወንዶች ልጆች ደግሞ፣ በተለይ በከተማ፣ በወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ ስለው ለጎረቤትና ለዘመድ ይሰጣሉ።

ይህች የልጆች ሥዕል ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን ፊደል የቆጠረ አዋቂ ሰው ራሱ የጻፈውን ቃል ቢጨምርባት፣ ሩቅ ላለ ዘመድ የምትላክ የእንኳን አደረሰህ ካርድ ትሆናለች። አሠራሯን ዛሬ አብረን እንማራለን።

አውራ ጣትና ፊደል

ማንበብና መጻፍ ሳንችል ደብዳቤ እንዴት እንልክ ነበር? ልጃችን ጎንደር ከተማ ትምህርት ላይ ነው እንበል። ወይም ወንድማችን ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዷል። ደብዳቤ የሚጽፍልን ሰው እንፈልጋለን። የልባችንን ለእርሱ እንነግራለን። እርሱም በለመደው ቃል ይጽፈዋል። ሰው እንዲሰማብን የማንፈልገውን ሳንናገር እንቀራለን። መልሱ ሲመጣም የሚያነብልን ሌላ ሰው ነው።

በወረቀት ላይ የእኛ የሆነው የአውራ ጣታችን አሻራ ብቻ ነበር። አሻራችንን ያሳረፍንበት ወረቀት ምን እንደሚል እንኳ አናውቅም ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዘመቻው ብዙ ገበሬ ፊደል ቆጥሮ ስሙን በእጁ ለመጻፍ በቃ። ይሁን እንጂ ፊደል ካልሠሩበት ይጠፋል። ያልታረሰ ማሳ ዳዋ እንደሚውጠው ማለት ነው። ስለዚህ የተማረ ሰው የሚጽፈው ነገር ያስፈልገዋል። ካርድ ደግሞ ለጀማሪ ይመቻል፤ ቃሉ ጥቂት ነው፤ የሚጻፍለትም ሰው የምንወደው ነው።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም

ጎንደር የጸሐፊዎችና የሠዓሊዎች አገር ነው። የብራና መጽሐፍ ጸሐፊዎች በመቃ ብዕር ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም እያጠቀሱ ይጽፉ ነበር። በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ ጌጥ ይሥሉ ነበር። ጌጡም ስሙ «ሐረግ» ነው። መጽሐፉን በቆዳ የሚደጉሱት ባለሙያዎችም የብረት መሣሪያ በእሳት አግለው ቆዳው ላይ ይጫኑታል። የብረቱ ቅርጽ ቆዳው ላይ ይቀራል። ይህም አንድ ዓይነት ማኅተም ነው።

በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ይታያሉ። ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚስሉት መልአክም ከዚህ ዓይነቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር ይመሳሰላል።

በሌላ አገርም ታሪኩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው በ1836 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1843) ለገና በዓል ካርድ አሳተመ። ለወዳጁ ሁሉ ደብዳቤ መጻፍ ጊዜ ስለወሰደበት ነው። እኛ ግን ሁለቱንም እናጣምራለን። አበባውን በማኅተም ቶሎ ቶሎ እናትማለን፤ ቃሉን ግን በእጃችን እንጽፋለን።

የሚያስፈልጉን ነገሮች

ወፈር ያለ ነጭ ወረቀት፣ ቀጭን ቢላ፣ መቀስ፣ ሁለት ወይም ሦስት ድንች፣ ጨርቅና ሰሐን ይበቃል። ድንች በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚታጣ አይደለም።

ቀለም ከገበያ ቢገኝ መልካም ነው። ካልተገኘ ከቤት ይሠራል። ለጥቁር፣ ከምጣድ ሥር የሚጠረግ ጥላሸት በግራር ሙጫ ውሃ ይለወሳል። ለቢጫ፣ የእርድ ዱቄት እንዲሁ ይደረጋል። ለቀይ፣ ቀይ ሥር ተፍቆ ይጨመቃል። ቀለሙ እንደ ቀጭን ሊጥ ወፈር ይበል፤ ውሃ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ይፈስሳል። የእርድና የቀይ ሥር ቀለም ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ካርዱን ፀሐይ ላይ አናኑረው።

የድንች ማኅተም

1. ድንቹን አንድ ጊዜ ብቻ በመቁረጥ ለሁለት እንክፈለው። ቢላው ወዲያና ወዲህ ከሄደ ፊቱ ይጎረብጣል፤ ሲታተምም ይዘላል።

2. የተቆረጠውን ፊት በጨርቅ እናድርቀው።

3. በፊቱ ላይ አበባ እንሣል። ከዚያ በአበባው ዙሪያ ያለውን የድንች ሥጋ የጣት ውፍረት ግማሽ ያህል ቀርፈን እናንሣ። ቀለም የሚይዘው ከፍ ብሎ የቀረው ነው። ቢላውን ወደ ራሳችን አንሳብ፤ እጅ ይቆርጣል።

4. ጨርቁን አጥፈን ሰሐን ላይ እናድርግ፤ ቀለሙንም እናጠጣው። ድንቹን ጨርቁ ላይ ጫን፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ቀጥ አድርገን ጫን እናድርግ። ሳናንሸራትት ወደ ላይ እናንሣው።

5. መጀመሪያ በአሮጌ ወረቀት እንሞክር። ካማረ በኋላ ወደ ጥሩው ወረቀት እንሂድ።

የድንች ማኅተም በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ካርድ ያትማል። ሲያድር ግን ይጨማደዳል። ስለዚህ ሥራውን በአንድ ቀን እንጨርስ።

በማኅተም ላይ ፊደል ለመቅረጽ ለሚፈልግ አንድ ምክር አለን። ማኅተም ሁሉን ነገር ይገለብጣል። «ላ» የሚለው ፊደል ቀኝ እግሩ ረዥም ነው። ድንቹ ላይ ሲቀረጽ ግን ግራ እግሩ ረዥም መሆን አለበት። «ሰላም» ስንጽፍም ከቀኝ ወደ ግራ እንጀምራለን። ለማወቅ ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን ገልብጦ በብርሃን ማየት ነው። የቀበሌውም ማኅተም የተቀረጸው እንዲሁ ተገልብጦ ነው። የመሥሪያ ቤት ማኅተም አስመስሎ መቅረጽ ግን ወንጀል ነው። እኛ የምንቀርጸው አበባ ነው።

የጣት አበባ

ድንችና ቢላ ለሌለው ሰው ደግሞ አውራ ጣት አለ። አውራ ጣታችንን ቢጫ ቀለም አስነክተን ወረቀቱ ላይ ክብ እየዞርን እናትም። እያንዳንዷ አሻራ አንድ የአበባ ቅጠል ትሆናለች። መካከሉን በትንሿ ጣት እንንካው። የአደይን አበባ ቅጠሎች ሄዳችሁ ቁጠሩ፤ ብዙውን ጊዜ ስምንት አካባቢ ናቸው።

ይህች ጣት ድሮ የማናውቀው ወረቀት ላይ ያረፈችው ጣት ናት። ዛሬ ከሥሯ ስማችንን እንጽፋለን።

ተቆርጦ የሚለጠፍ አበባ

አራት ማዕዘን የሆነ፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ቢጫ ወረቀት እንያዝ። አንድ ጊዜ ለሁለት እንጠፈው። እንደገና ለሁለት እንጠፈው። አሁን ትንሽ አራት ማዕዘን ሆነ። የወረቀቱ መካከል ያለበትን ማዕዘን ይዘን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሦስተኛ ጊዜ ስናጥፈው ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ክፍት የሆነውን ጠርዝ በመቀስ ክብ አድርገን እንቁረጥ። የወረቀቱ መካከል ያለበትን ሹል ጫፍ አንንካ፤ ከተቆረጠ አበባው መሐሉ ይበሳል። ስንከፍተው ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል።

ለመለጠፍ ዱቄት በውሃ በጥብጦ እስኪወፍር ማፍላት ነው። ስስ አድርገን እንቀባው፤ ከበዛ ወረቀቱን ያጨማድዳል፤ አይጥም ይጠራል።

ቃሉን መጻፍ

አበባው ከደረቀ በኋላ እንጻፍ። የአዲስ ዓመት ሰላምታችን «እንኳን ከዘመነ እገሌ ወደ ዘመነ እገሌ በሰላም አሸጋገረህ» የሚለው ነው። ዘመኑ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ማካፈል ነው። 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ዘመነ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2016 ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበር።

ከሰላምታው ቀጥሎ ከራሳችን አንድ ነገር እንጨምር። «ላሟ ወልዳለች»፣ «ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው»፣ «ናፍቀኸናል» ማለት ይቻላል። ይህን የታተመ ካርድ አይለውም። ፊደል ብንስት አንፈር፤ ሰርዘን እንጻፈው። ከታች ስማችንንና ቀኑን እናኑር።

ካርዱ ለእንቁጣጣሽ ብቻ አይደለም። ለሙስሊም ጎረቤታችን ለዒድ፣ ለሙሽሮች ለሠርጋቸው፣ ለወለደች እኅታችንም ይሆናል።

መላክ

ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ሊያደርስልን ይችላል። በፖስታ ከላክን የተቀባዩን ስምና የፖስታ ሳጥን ቁጥሩን በፖስታው ፊት ላይ አጥርተን እንጻፍ። ቴምብሩ በስተቀኝ ከላይ ይለጠፋል። የፖስታ አገልግሎት በአገራችን በአጤ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተጀመረ። ረዥም ጊዜ ግን ማንበብ ለሚችሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበር።

ዛሬ ብዙ ሰው በስልክ ይነጋገራል፤ መልካም ነው። ድምፅ ግን ወዲያው ያልፋል። ካርድ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሲናፍቁ ደግመው ያነቡታል። ልጃችን ካርዱን ሲከፍት የአገሩን አበባ ያያል። ከሥሩም የእናቱን ወይም የአባቱን የእጅ ጽሕፈት ያያል። መሐል የገባ ሌላ ሰው የለም።

ጥያቄዎች

1. በድንች ላይ «ላ» የሚለው ፊደል እንዴት ይቀረጻል? ለምን?
2. ዘንድሮ ዘመኑ የማን ነው? አካፍላችሁ አግኙ።
3. ሩቅ ላለ አንድ ዘመዳችሁ ካርድ ሠርታችሁ ከሰላምታው ሥር የራሳችሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።