ያበጠ የስልክ ባትሪና የዋስትና ጊዜው ያለፈ ስልክ ጥገና

የስልክዎ የጀርባ ክዳን ከተነሳ ወይም ስክሪኑ ከተላቀቀ፣ የሊቲየም ባትሪው በውስጡ በተፈጠረ ጋዝ አብጦ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ከቻርጀር ነቅለው ያጥፉት። ጋዙን ለማስወጣት ባትሪውን መብሳት ወይም መጫን እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከሣር ክዳንና ከቡና ጆንያ አርቀው፣ አሸዋ በያዘ የብረት ዕቃ ውስጥ ያኑሩት።

ያበጠ ባትሪ ከማጂ ወደ ሚዛን ተፈሪ በመኪና ጭነት ውስጥ አይላክም። ባትሪው በቀላሉ የሚወልቅ ከሆነ ስልኩን ብቻ ይላኩ፤ የማይወልቅ ከሆነ በአቅራቢያዎ ያለ የስልክ ጠጋኝ ያውጣው።

የዋስትና ጊዜው ቢያልፍም መብትዎ አያልፍም። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ስለሆነም የአዲሱን ባትሪ ዓይነትና ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለወደፊት አቤቱታ ማስረጃ የሚሆን ደረሰኝም ይቀበሉ።